ደብተሩ ባዶ ነው ብላችሁ አትከፉ

በአቦቦ ከተማ፣ በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎችና በቁጥር በሚጠሩት የሠፈራ መንደሮች ያላችሁ፣ ጋምቤላ ከተማ ሆናችሁም የምትከታተሉን፣ ይህ ለወላጆችና ለልጅ አሳዳጊዎች የምናቀርበው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ነው።

ነሐሴ ሲጋመስ በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ልጁ አምስት ዓመት ሞልቶታል፤ የት ይግባ? ተመካክራችሁ አንዱ ቦታ ታስገቡታላችሁ። ጥቅምት ሲደርስ ደግሞ ቅሬታው ይከተላል። «ልጄ በየቀኑ አቧራና ጭቃ ተለውሶ ይመጣል። ምን ተማርክ ስለው ስንጫወት ዋልን ይለኛል። ደብተሩን ብገልጠው ባዶ ነው።» ይህን የሚል ወላጅ የልጁ ነገር ስለሚያንገበግበው ነው የሚናገረው። ብዙዎቻችሁ ራሳችሁ ያላገኛችሁትን ትምህርት ለልጃችሁ ለመስጠት ካላችሁ ላይ ቆርሳችሁ ነው የምታስተምሩት። ቢሆንም ዛሬ ልሟገታችሁ እፈልጋለሁ። የአምስት ዓመት ልጅ ደብተሩ ባዶ መሆኑ አያስከፋም። የሚያስከፋው ልጁ ግማሽ ቀን ሙሉ እጁን አጣጥፎ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣቦ፣ መምህሩ ያለውን እየደገመ ከዋለ ነው።

እስቲ አንድ ጥሩ የሕፃናት ክፍል በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ጥግ ላይ አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ተነጥፏል። አንዲት ልጅ ከረጢቱ ላይ ተቀምጣ የደረቀ የማንጎ ፍሬ አምስት አምስት እያደረገች በመደብ ትከምራለች። ፊቷ የቆመው ልጅ ሦስት ቆርኪ ጨብጧል።

«አንዱ መደብ ስንት ነው?»

«አራት ብር።»

ልጁ ቆርኪዎቹን ይቆጥራል። «ቀንሺልኝ።»

«አልቀንስም፤ ዛሬ ነው የወረደው።»

መምህርቷ ትመጣና አጠገባቸው ቁጢጥ ትላለች። «እኔ ሁለት መደብ እፈልጋለሁ፤ ስንት ልክፈል?» ልጅቷ ዝም ትላለች። አራት ቆርኪ ከዘንቢሏ አውጥታ አንዱ ክምር ሥር ትደረድራለች፤ ሌላ አራት አውጥታ ከሁለተኛው ሥር ትደረድራለች። ከዚያ በጣቷ እየነካች ከአንድ ጀምራ ትቆጥርና «ስምንት!» ትላለች። መምህርቷ መልሱን አልነገረቻትም፤ ጠብቃታለች።

በዚህች አምስት ደቂቃ በማትሞላ ጨዋታ ውስጥ የሆነውን ልብ በሉ። ልጅቷ ደምራለች፤ አራት ሁለት ጊዜ ስምንት እንደሚሆን በእጇ ዳስሳ አግኝታዋለች፤ ይህ የማባዛት መነሻ ነው። ነጋዴ እንዴት እንደሚናገር አስባ፣ ቃል መርጣ ተከራክራለች። ልጁስ? ልጁ አንድ ቆርኪ ጎድሎት ቆሟል። ፍሬውን ቀምቶ መሮጥ ይችል ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ሌላ ጊዜ ቢሆን ምናልባት ይሮጥ ነበር። አሁን ግን ከሮጠ ጨዋታው ይፈርሳል፣ ሸማችነቱ ይቀራል፤ ስለዚህ ራሱን ገዝቶ ቆመ። የሩሲያው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ጨዋታ ባቀረበው ትምህርት ያስረዳው ይህንኑ ነው። ልጅ በጨዋታ ውስጥ ሲሆን ከዕድሜው በላይ ይሆናል፤ በሌላ ጊዜ የማይገዛለትን ፍላጎቱን ጨዋታ ውስጥ ይገዛዋል። አንደኛ ክፍል ገብቶ ተራውን ጠብቆ እጁን የሚያወጣው፣ የጀመረውን ሳይጨርስ የማይነሣው፣ ይህን ራስን መግዛት ይዞ የመጣ ልጅ ነው።

ጽሕፈትም እንዲሁ ነው። የአራት ዓመት ልጅ እርሳስ ስናስጨብጠውና «ሀ»ን አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍ ስንለው ጣቱ ይደክማል፤ እርሳሱን በጡጫ ይጨብጠዋል፤ ወረቀቱ ይቀደዳል። ጣት የሚጠነክረው ጭቃ ሲድቦለቦል፣ ላምና ጎጆ ሲሠራ፣ ቅጠል ሲቀደድ፣ ዶቃ በክር ሲሰካ፣ አሸዋ ላይ በእንጨት ሲጫር ነው። የልጃችሁ ልብስ ላይ ያለው ጭቃ የጽሕፈት ዝግጅት መሆኑን ዕወቁልኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

ውድ አድማጮች፣ ነገሩ የእኔ አስተያየት ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት፣ ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1967 ድረስ ለተካሄደ ጥናት 123 የድሃ ጥቁር ቤተሰብ ልጆች ተመረጡ። 58ቱ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመታቸው ጀምሮ ፔሪ የተባለ መዋዕለ ሕፃናት ገቡ፤ የቀሩት አልገቡም። በመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆቹ ጠዋት ምን እንደሚጫወቱ ራሳቸው ያቅዳሉ፣ ያቀዱትን ይጫወታሉ፣ በኋላ ተሰብስበው ምን እንደሠሩ ይናገራሉ። አጥኚዎቹ እነዚህን ሰዎች 40 ዓመት እስኪሞላቸው ተከታተሏቸው። መዋዕለ ሕፃናት የገቡት ሁለተኛ ደረጃን በማጠናቀቅም፣ ሥራ በመያዝም፣ ከፖሊስ ጋር ባለመጋጨትም ካልገቡት በልጠው ተገኙ።

ይህን ጥናት ጠቅሰው ማንኛውም መዋዕለ ሕፃናት ይህን ውጤት ያመጣል የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። በፔሪ አንድ መምህር የሚይዘው ስድስት ያህል ልጅ ነበር። መምህራኑም በየሳምንቱ እያንዳንዱ ቤት ሄደው ከእናትየው ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጡ ነበር። 60 እና 70 ልጅ በአንድ ክፍል አጭቀን ያንኑ ፍሬ መጠበቅ አንችልም። የጥናቱ ባለቤቶች ቆየት ብለው እ.ኤ.አ. በ1967 ሌላ ጥናት ጀመሩ። 68 ልጆችን በሦስት ከፈሏቸው፤ አንዱ ቡድን መምህሩ የሚለውን እየደገመ ፊደልና ቁጥር የሚያጠና ነበር፤ ሁለቱ በጨዋታ የሚማሩ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሦስቱም የፈተና ውጤት ተቀራራቢ ሆነ። ልዩነቱ የታየው ካደጉ በኋላ ነው፤ 23 ዓመት ሲሞላቸው በድግግሞሽ የተማሩት በጠባይና ከሕግ ጋር በመጋጨት ብዙ ችግር ነበረባቸው። የልጆቹ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ በዚህ ብቻ አልፈርድም። ነገር ግን በቃል ማስጠናቱ ቀድሞ ያተርፋል ብሎ ለሚያምን ወላጅ ቆም ብሎ ማሰቢያ ይሆነዋል።

ፊንላንድን ደግሞ ተመልከቱ። ልጅ መደበኛ ትምህርት የሚጀምረው በ7 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ በአብዛኛው ጨዋታ ነው። የእኛም አገር የአንደኛ ክፍል ዕድሜ 7 ዓመት ነው። በዕድሜው እኩል ነን፤ የምንለያየው ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ልጁን በምናውልበት መንገድ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ መዋዕለ ሕፃናት የተከፈተው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ በድሬዳዋ፣ የባቡር ሐዲድ ይሠሩ ለነበሩ ፈረንሳውያን ሠራተኞች ልጆች ነበር። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን መዋዕለ ሕፃናት የከተማና ገንዘብ ያለው ሰው ነገር ሆኖ ኖረ። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት በ5 ክልሎች፣ በ20 ቦታዎች ልጆችን ሲከታተል፣ ከከተማ ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቅድመ መደበኛ ትምህርት አግኝተው ነበር፤ ከገጠር ልጆች ግን ከ100 አምስት አይሞሉም። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ለስድስት ዓመት ልጆች የሚሆን «ኦ ክፍል» ተከፈተ፤ ታላላቆች ታናናሾችን እያጫወቱ የሚያስተምሩበት «ከሕፃን ለሕፃን»ም ተጀመረ። በ2003 ዓ.ም. ከ100 ልጅ አምስቱ ብቻ ነበሩ የሚገቡት፤ በ2007 ዓ.ም. ወደ 39 ደረሱ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አደረገው።

ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በአራት ዓመት ውስጥ የሚገቡት ልጆች እንዲህ መብዛታቸው ደስ ያሰኛል። ችግሩ ክፍሉ ሲከፈት መጫወቻው፣ ምንጣፉና የሠለጠነው መምህር አብረው አለመድረሳቸው ነው። ስለዚህ በብዙ ቦታ ኦ ክፍል ወንበሩ ያነሰ አንደኛ ክፍል ሆኖ ቀረ።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ወደ አቦቦ። ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አልዌሮ ወንዝ ዳር ነን። አዲስ አበባ ያለ ወላጅ አምስት መዋዕለ ሕፃናት ዞሮ አይቶ አንዱን ይመርጥ ይሆናል። እዚህ ግን ብዙዎቻችሁ ቤታችሁ አጠገብ ያለው ኦ ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ ከተማው ውስጥ ላላችሁ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ሊኖር ይችላል። ሁለቱንም አስቤ ነው የምናገረው፤ ምርጫ ያለው ያወዳድርበት፣ ምርጫ የሌለው ያለውን ትምህርት ቤት ያሻሽልበት።

ከመመዝገባችሁ በፊት ክፍሉ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ርዕሰ መምህሩን ወይም ርዕሰ መምህርቷን ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ግድግዳው በቀለም ማማሩን፣ የደንብ ልብሱን፣ በሩ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ለጊዜው ተዉት። የልጆቹን እጅ ተመልከቱ፤ የሚነካ፣ የሚገነባ፣ የሚደረደር ነገር ይዘዋል? ከዚያ ድምፃቸውን አዳምጡ። ሁሉም በአንድ ላይ ብቻ የሚጮኹ ከሆነ በቃል እያጠኑ ነው። እርስ በርስ ሲነጋገሩ፣ ሲከራከሩ፣ ሲስቁ ከተሰማችሁ ሐሳባቸው እየሠራ ነው። መምህርቷ ጥያቄ ስትጠይቅ ትጠብቃለች ወይስ ራሷ ትመልሰዋለች? አንድ ልጅ ሲያለቅስ ጎንበስ ብላ ታናግረዋለች? እጇ ላይ አለንጋ ካያችሁ ውጡ፤ ወጥታችሁም ዝም አትበሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆን ደንግጓል። ጨዋታም ቢሆን ልጅ የሚለምነው ነገር አይደለም፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 የልጅን የመጫወት መብት አስፍሯል።

ግቢውንም ዞራችሁ እዩ። በአቦቦ ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ልጅ እስከ ስድስት ሰዓት መቀመጥ አይችልም፤ ማንጎ ወይም ሌላ ጥላ ያለው ዛፍ አለ ወይ? የሚጠጣ ውኃ፣ እጅ መታጠቢያ፣ ትንሽ ልጅ የማይፈራው ሽንት ቤት አለ? በክረምት ውኃ የሚያቁር ጉድጓድ ግቢው ውስጥ ካለ የወባ ትንኝ ሊራባበት ይችላል፤ እንዲደፈን ጠይቁ። የግቢው አጥርና ልጁን የሚያደርሰው ሰው ነገር ደግሞ በእኛ ክልል ከሁሉ ይቀድማል። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ከድንበር ማዶ የመጡ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን ያደረሱትን እልቂትና ይዘዋቸው የሄዱትን ከ100 በላይ ሕፃናት የረሳ እናትና አባት የለም። ቅርብ ያለው ትምህርት ቤት መጫወቻው ጥቂት ቢሆንም፣ ሩቅ ካለውና ልጁ ብቻውን ከሚሄድበት ይሻላል ብላችሁ ብትወስኑ አብሬአችሁ ነኝ። መጫወቻ በሳምንት ውስጥ ይሠራል።

ስለ ቋንቋ ትንሽ ልቆይ፤ በአቦቦ ትልቁ ጉዳይ ይህ ይመስለኛል። እዚህ ቤቱ አኙዋክኛ የሚነገርበት ልጅ አለ። ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ በሠፈራ ከመጡ ቤተሰቦች የተወለዱ፣ ቤታቸው ከምባትኛ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ሌላ የሚናገሩ ልጆች አሉ። ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ። አኙዋክኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛው በግዕዝ ፊደል፤ እንግሊዝኛውም ይከተላል። ገና አፉን በራሱ ቋንቋ ያልፈታ ልጅ በአራት ዓመቱ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ሲጫንበት ዝም ይላል፤ ዝም ያለውን ልጅ ደግሞ ጨዋ ነው እንለዋለን። አይደለም፤ አልገባውም። ወላጆች በእንግሊዝኛ የሚያስተምር መዋዕለ ሕፃናት ከሁሉ ይበልጣል ብለው ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ልጁ ማታ ቤት መጥቶ «ኤ ፎር አፕል» ይላል። ደጁ በማንጎ የተሞላ ልጅ አፕል ቀምሶ አያውቅም፤ ስለዚህ ቃሉ ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ በሚያውቀው ቋንቋ በሚያውቀው ነገር ይጫወት፤ ተረት ይስማ፤ ይጠይቅ። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያሰበ ልጅ ሁለተኛውን ቋንቋ ቶሎ ይይዛል።

መምህርቷ የልጃችሁን ቋንቋ የማታውቅ ከሆነ ምን ይደረግ? የምትናገር እናት ወይም አያት በሳምንት አንድ ቀን ክፍሉ ውስጥ ተገኝታ ተረት ትንገር። ደመወዝ አይጠይቅም። ልጆቹ አብረው ሲጫወቱም አንዱ የሌላውን ቋንቋ ይለምዳል፤ አባሮሽና ድብብቆሽ አስተርጓሚ አይፈልጉም። በጨዋታ የተዋወቁ የነባርና የሠፋሪ ልጆች ነገ ጎረቤትነታቸው ሌላ ይሆናል፤ ይህን በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

አሁን ደግሞ ያላችሁ ኦ ክፍል አንድ ብቻ ሆኖ፣ እሱም ባዶ ክፍል ከሆነባችሁስ? የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አንሡ። ትምህርት ቤቱ ከሚያገኘው የድጎማ ገንዘብ ለኦ ክፍል ምን ያህል እንደሚደርሰው ጠይቁ፤ ስትጠይቁ መምህርቷን ለመክሰስ ሳይሆን ከጎኗ ለመቆም ይሁን። 60 ልጅ ይዛ ብቻዋን የቆመች ሴት ናት። አባቶች በአንድ ቅዳሜ ተሰብስበው ዛፉ ሥር ገመድ አጠንክረው ዥዋዥዌ ይስቀሉ፤ የአልዌሮን አሸዋ በጋሪ አምጥተው ጥላው ሥር ይድፉ። እናቶች ደግሞ በየቤቱ የሚጣለውን ያጠራቅሙ፤ ቆርኪ፣ ባዶ ሃይላንድ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የማንጎ ፍሬ፣ የጨርቅ ቁራጭ። ቆርኪው ጠርዙ የማይቆርጥ ይሁን፤ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን እጅ ግን አይግባ፤ ይውጠዋል። የማር ወይም የዘይት ጀሪካን ከሆነ አጥባችሁ አምጡ፤ የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ግን ምንም ብታጥቡት አታምጡ። በእርሻ አካባቢ ያላችሁ ይህን አደራ።

ሌላው የማሳስበው የዕድሜ ነገር ነው። ታላቁን ተከትሎ የሚሄድ የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ አንደኛ ክፍል ውስጥ ተደርቦ ይቀመጣል። ቤት ከሚረብሽ ይሻላል ብለን እንልከዋለን። ልጁ ግን የሚነገረው ሳይገባው ዓመቱን ይጨርሳል፤ ትምህርት የማይገባ ነገር ነው ብሎ ይለምዳል፤ በ7 ዓመቱ በወጉ ሲጀምር አስቀድሞ ሰልችቶታል። ቅድመ አንደኛ ከሌለ ቤት ከእናንተ ጋር ቢውል ይሻለዋል፤ ዕቃ ዕቃ ይጫወት፣ እንጨት ይልቀም፣ በቆሎ ሲፈለፈል አብሮ ይፈልፍል፣ ሲፈለፍል ይቁጠር።

ማታ ልጃችሁ ሲመለስ «ምን ጻፍክ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ከማን ጋር ተጫወትክ? ምን ሠራችሁ? ከዚያስ?» በሉት። የሚተርክላችሁን አዳምጡ። ታሪኩ ከወር ወር እየረዘመ፣ መጀመሪያና መጨረሻ እያገኘ ከሄደ ትምህርት ቤቱ ሥራውን እየሠራ ነው። ሁለት ወር ሙሉ «እንጃ» ብቻ ከሆነ መልሱ፣ ጠዋት አብራችሁት ሂዱና ክፍሉ ውስጥ ተቀመጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ከበቆሎ አገዳና ከቆረቆንዳ መጫወቻ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ እናስረዳችኋለን። ቢላዋ፣ ገመድና አሮጌ ጨርቅ አዘጋጅታችሁ ጠብቁን፤ ልጆቹንም ሬዲዮው አጠገብ አስቀምጧቸው።